የራስዎን የሕይወት ታሪክ በቁምዎ መጻፍ፦ ከንባብ እስከ መጨረሻው ቅጂ

በቀብር ላይ የሚነበበውን የራስን የሕይወት ታሪክ አስቀድሞ መጻፍ ብዙ ሰው ይጀምረዋል፣ የሚጨርሰው ግን ጥቂት ነው። አንዱ "ተወለድኩ" ብሎ ከጻፈ በኋላ እስክሪብቶው ይቆማል። ሌላው አሥራ አምስት ገጽ ሞልቶ የሚያነብለት ያጣል። ሌላው ደግሞ ጨርሶ ስልኩ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ የስልኩን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ግን የለም። በመጨረሻ ቤተሰቡ በሐዘን መሃል፣ በአንድ ሌሊት፣ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ ይጽፋል። ዓመተ ምሕረቱ ይዛባል፣ የአንድ ልጅ ስም ይዘለላል፣ ከዚያ "ደግ፣ ሩህሩህና ሰው አክባሪ ነበሩ" ተብሎ ይዘጋል።

ከመነሻው አንድ ነገር ይያዙ። ራስዎን የማመስገኑን ሥራ ለሌሎች ይተዉት፤ አይጎድልብዎትም። የእርስዎ ድርሻ ከእርስዎ በቀር ማንም ሊጽፈው የማይችለውን በትክክል አስፍሮ መተው ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

እነዚህን ያዘጋጁ፦

- አንድ ደብተርና እርሳስ። በኮምፒውተር መጻፍ ቢመርጡም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች በእጅ ይሥሩ። መሰረዝና ማክበብ ይበዛቸዋል።
- ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ የሌሎች ሰዎች የሕይወት ታሪኮች፦ ከጋዜጣ፣ ከኢንተርኔት፣ ወይም ከቀብር ላይ ታትመው ከታደሉ ወረቀቶች።
- ሰነዶችዎ፦ የልደት ወይም የመታወቂያ ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ደብዳቤዎች፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የድሮ ፎቶዎች።
- ረቂቁን የሚሰማልዎት አንድ ሰው። ከአሁኑ ይምረጡት፣ ከአሁኑም ይንገሩት።

በአንድ ቀን ለመጨረስ አያስቡ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ቁጭታ ከአንድ ሰዓት ሳያልፍ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይስጡት።

ማስጠንቀቂያ፦ የቅርብ ሰው በቅርቡ አጥተው ከሆነ ይቆዩ። በትኩስ ሐዘን ውስጥ የሚጻፍ የራስ ታሪክ የሟቹ ታሪክ ሆኖ ያርፋል።

ቤት ውስጥ "ሟርት ነው" የሚል አይጠፋም። ትልልቅ ጋዜጦች ይህን የሚያዩት እንደ ተራ የቢሮ ሥራ ነው፤ የታወቁ ሰዎችን ታሪክ በሕይወት እያሉ ጽፈው ያስቀምጣሉ። ተዋናይቷ ኤልዛቤት ቴይለር በ2011 እ.ኤ.አ. ስታርፍ ኒው ዮርክ ታይምስ ያወጣውን ጽሑፍ በዋናነት የጻፈው ሜል ጉሶ ነበር። እሱ ራሱ ከሞተ 6 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ለሟርት ባዩ ይህን ይንገሩትና ወደ ሥራዎ ይመለሱ።

ደረጃ 1፦ የሌሎችን በእርሳስ ያንብቡ

ይህን ደረጃ መዝለል የሚፈልግ ብዙ ነው። አይዝለሉት። ሰዎች መጻፍ የሚያቅታቸው አብዛኛውን ጊዜ አንብበው ስለማያውቁ ነው፤ ሰምተው እንጂ። ሲሰማ ሁሉም ያምራል። ወረቀት ላይ ግን ባዶው ይታያል።

1. የታዋቂ ሰዎችን ብቻ አይምረጡ። ግማሹ እርስዎ የማያውቋቸው ተራ ሰዎች ይሁኑ። የታዋቂ ሰው ታሪክ በሥራው ይሸፈናል፤ የጽሑፉ ድክመት አይታይዎትም።
2. የተጨበጠ ነገር የያዘውን ዓረፍተ ነገር ያስምሩበት፦ ቀን፣ ቦታ፣ ሥራ፣ የሰው ስም፣ የሆነ ድርጊት።
3. ለማንም ሊባል የሚችለውን ያክብቡት። መለኪያው ቀላል ነው። የሟቹን ስም አውጥተው የጎረቤትዎን ያስገቡበት። ያለ ምንም ችግር ከገጠመ ያክብቡ። "ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል"፣ "በቅንነትና በታማኝነት አገልግለዋል"፣ "ተጫዋችና ተግባቢ ነበሩ" ሁሉም ይከበባሉ።
4. ወረቀቱን አስቀምጠው ማግስቱን ሳያዩ ያስታወሱትን ዓረፍተ ነገር በደብተርዎ ይጻፉ። አንድም ካላስታወሱ ያንንም ይመዝግቡ።
5. በመጨረሻ ያልተነገረውን ይፈልጉ። በሁለት ሥራዎች መካከል 9 ዓመት ጠፍቷል? "ከሦስት ልጆቻቸው ጋር" ተብሎ የሁለት ስም ብቻ ተጠርቷል? እንዲህ ያለው ክፍተት አንባቢን የት እንደሚያቆመው ልብ ይበሉ። ደረጃ 4 ላይ የእርስዎ ተራ ይመጣል።

አሥሩን ሲጨርሱ የክቡ ብዛት ሊያስገርምዎት ይችላል። ያ ዝርዝር በረቂቅዎ ውስጥ የማይገቡ ቃላት ዝርዝር ይሆናል፤ ለይተው ያስቀምጡት።

ካልሄደልዎት፦ ንባቡ ከከበደዎት በቀን ከሁለት አይበልጡ። ጠዋት ያንብቡ፣ ከመኝታ በፊት ፈጽሞ አያንብቡ። የሟቾቹን ዕድሜ ከራስዎ ጋር እያሰሉ ከሆነ አይደንግጡ፤ ይህን የማያደርግ አንባቢ የለም ማለት ይቻላል። ጭንቀቱ ግን ቀኑን ሙሉ የማይለቅዎት ከሆነ፣ እንቅልፍም ከነሳዎት፣ ሥራውን ያቁሙና ለሚያምኑት ሰው ወይም ለሐኪም ይንገሩ።

ደረጃ 2፦ የመረጃ ገጽ ይሥሩ

አሁን ታሪክ አይጽፉም። መዝገብ ነው የሚሠሩት። ይህ ገጽ ብቻውን ቢቀር እንኳ ለቤተሰብዎ ትልቅ ውለታ ነው።

በዚህ ቅደም ተከተል ይሙሉ፦

1. ሙሉ ስም በሰነድ ላይ እንዳለው፣ ከሥሩ ደግሞ ሰው የሚጠራዎት ስም። ስም ቀይረው ከሆነ ሁለቱንም ይጻፉ።
2. የትውልድ ቀንና ቦታ።
3. የወላጆች፣ የእህትና የወንድም ስም። ያረፉትን ምልክት ያድርጉባቸው።
4. የትዳር አጋር ወይም አጋሮች፣ ከነዓመቱ።
5. የልጆችና የልጅ ልጆች ስም፣ ራሳቸው በሚጽፉበት አጻጻፍ።
6. ትምህርትና ሥራ፣ ከመቼ እስከ መቼ።
7. የኖሩባቸው ቦታዎች በተራ።

ከእያንዳንዱ ጎን ከሦስቱ አንዱን ይጻፉ፦ "ሰነድ አለ"፣ "እርግጠኛ ነኝ"፣ "በግምት"።

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት የዘመን አቆጣጠር ነው። የግማሹ ሰነድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የግማሹ በፈረንጆች ከሆነ ሰውየው ትምህርት ሳይጀምር ተመርቆ ይገኛል። አንዱን ይምረጡና ሁሉንም ወደሱ ይለውጡ። ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ እንዳይደለ አይርሱ። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት። ጥቅምት 1942 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ የ1949 ነው፤ ሐምሌ 1942 ዓ.ም. የተወለደው ግን የ1950። ወሩን ሳያዩ ዓመቱን አይለውጡ።

ሰነድና እውነት ከተጋጩ፦ በመታወቂያው ላይ ያለው ዕድሜ ከእውነተኛው የሚለይ ሰው ጥቂት አይደለም። እውነተኛውን በታሪኩ ይጻፉ፣ የሰነዱን ደግሞ ለቤተሰብ በሚተዉት ሌላ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። የሞት ምስክር ወረቀት ሲያወጡ የሚጠየቁት የሰነዱን ነው። ቀኑን ጭራሽ የማያውቁት ከሆነ ፈጥረው አይጻፉ፤ "በ1930ዎቹ መጨረሻ" ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ትዝታውን ያውጡ

ለእያንዳንዱ አሥር ዓመት አንድ ገጽ ይስጡ። ከልጅነት ይጀምሩና ይሙሉ።

አንድ ነገር ይገጥምዎታል። ከ10 እስከ 30 ዓመት ያሉት ገጾች ይሞላሉ። ከ40 እስከ 60 ያሉት ባዶ ይቀራሉ። የማስታወስ ችግር መጣብኝ ብለው አይስጉ። በዕድሜ የገፋ ሰው ከጉርምስናውና ከወጣትነቱ ዘመን የበለጠ እንደሚያስታውስ በሥነ ልቦና ጥናት በደንብ የታወቀ ነገር ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ትልቁን ሥራ የሠራው፣ ልጅ ያሳደገውና ወላጅ የጦረው በዚያ በባዶው ገጽ ዘመን ነው። ዝም ብለው ከጻፉ ታሪክዎ 30 ዓመትዎ ላይ ያልቃል፤ የቀረው የሥራ መደብ ዝርዝር ይሆናል።

ባዶውን ገጽ በዓመት አይጠይቁት። እንዲህ ይጠይቁት፦

- በዚያን ጊዜ የት ቤት ነበርኩ? በሩን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ምን ነበር?
- ጠዋት ከቤት ስወጣ ወዴት ነበር የምሄደው? ከማን ጋር?
- ሰው ምን ሲቸግረው ነበር ወደ እኔ የሚመጣው?
- እምቢ ያልኩት ነገር ምንድን ነው? ምን አስከፈለኝ?
- እጄ ምን መሥራት ይችል ነበር?

ከአምስቱ የበለጠ የሚያወጣው ሦስተኛው ነው። ሰው ስለ ባሕርዩ ሲጠየቅ ይዘጋል። ምን ሊጠይቁት ይመጡ እንደነበር ግን አይረሳም፤ ደብዳቤ አርቁልን፣ የተጣሉትን አስታርቁልን፣ ይህን ሬዲዮ እዩልን።

ከዚያ ሁለት ሰው ይጠይቁ፦ አንድ ከዘመድ፣ አንድ ከሥራ ባልደረባ። "ስለ እኔ ምን ታስባለህ?" አይበሉ፤ ምስጋና ይዘንብብዎታል። "እኔ ረስቼው አንተ የምታስታውሰው ነገር ምንድን ነው?" ይበሉ። መልሱን በራሱ አነጋገር ይጻፉት።

"እኔ ምን ታሪክ አለኝ" ካሉ፦ ይህን የሚሉት በብዛት ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ እናቶች ናቸው። መልሱ ትልቅ ድርጊት መፈለግ ላይ የለም። በየቀኑ ያደርጉት የነበረውን አንድ ነገር ይጻፉ። ለምሳሌ፦ "ማታ ማታ የአምስቱን ልጆች ጫማ በር ላይ በተርታ እደረድር ነበር። አንድ ጥንድ ከጎደለ አልተኛም።" ይህን ያነበበ ሰው ስለ ደግነት ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ጸጸት ከመጣ፦ ይመጣል። ሐኪሙ ሮበርት በትለር በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አረጋውያን ያለፈ ሕይወታቸውን መልሰው መመርመራቸው የተለመደ የእርጅና ሂደት እንጂ የመጃጀት ምልክት እንዳይደለ ተከራክሯል። ጸጸቱን በሌላ ገጽ ይጻፉት። ወደ ታሪኩ ይግባ አይግባ ዛሬ አይወስኑ። ይቅርታ የሚጠይቁት ሰው በሕይወት ካለ ግን ደውሉለት፤ ከቀብር በኋላ የሚነበብ ይቅርታ ለማንም አይረባም።

ደረጃ 4፦ የሚቀረውንና የሚወጣውን ይለዩ

ከሁሉም ገጽ አራት ወይም አምስት ነገር ብቻ ይምረጡ። ሌላው ለልጆች በደብተሩ ይቀመጥ።

ከባዱ ያለው እዚህ ነው፤ ፍቺ፣ ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ፣ የሞተ ልጅ፣ እስር፣ ሱስ፣ የተኳረፈ ወንድም። እነዚህን ሕጎች ይከተሉ፦

1. የሁሉንም ልጆች ስም ይጻፉ፤ ሳይመርጡ፣ በዕድሜ ቅደም ተከተል። ስሙ የተዘለለ ልጅ ያችን ወረቀት ዕድሜውን ሙሉ አይረሳትም። ያረፈ ልጅም ይቆጠራል።
2. ከባዱን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩ፣ ፍርድ ሳይጨምሩ። "በ1975 ዓ.ም. ተለያየን" ይበቃል። በማን ጥፋት እንደሆነ ከጨመሩ ሌላኛው ወገን መልስ የሚሰጥበት ቦታ የለውም።
3. ምስጢሩ የእርስዎ ብቻ ካልሆነ ባለቤቱን ያስፈቅዱ።
4. ቤተሰብ የማያውቀውን ነገር በሕዝብ ፊት እንዲሰማ አያድርጉ። ወይ አሁን ይንገሩ፣ ወይ በታሸገ ደብዳቤ ይተዉ።

መወሰን ካቃተዎት ይህን ይሞክሩ። ነገሩን ሳይጽፉ ታሪኩ ትርጉም ይሰጣል? የሚሰጥ ከሆነ ያውጡት። ዝምታው ራሱ ክፍተት ሆኖ የሚታይ ከሆነ ግን አጭር አድርገው ያስገቡት። እኔ በበኩሌ አጭሩን እውነት እመርጣለሁ። ሰው ክፍተቱን በወሬ ይሞላዋል፤ ወሬው ደግሞ ሁልጊዜ ከእውነቱ ይብሳል።

ደረጃ 5፦ ረቂቁን ይጻፉ

ርዝመት፦ ከ400 እስከ 600 ቃል። ቀስ ብሎ ሲነበብ ከአምስት ደቂቃ ብዙ እንዳያልፍ።

መደብ፦ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። ስለ ራስዎ "ተወለዱ፣ አገለገሉ" ብለው ሲጽፉ ራስዎን አንቱ ያሉ ይመስልዎታል፤ "ተወለደ፣ አገለገለ" ሲሉ ደግሞ ልጆችዎ ለማንበብ ያፍራሉ። መፍትሔው ረቂቁን በ"እኔ" መጻፍ ነው። ሲያልቅ ሁለት ምርጫ አለዎት። በ"እኔ" እንዳለ ይተዉት፤ አንባቢው "ራሳቸው የጻፉት ነው" ብሎ ያነበዋል። ካልሆነም በመጨረሻ ወደ "እሳቸው" ይለውጡት። እየቀላቀሉ ግን አይጻፉ።

ቅደም ተከተል፦

1. በትውልድ አይጀምሩ። በደረጃ 3 ካገኙት ውስጥ እርስዎን ብቻ በሚመለከት አንድ ነገር ይክፈቱ።
2. ትውልድ፣ ወላጆች፣ እድገት። ከአራት ዓረፍተ ነገር አይበልጥ።
3. ትምህርትና ሥራ። የተቀጠሩበትን ሁሉ አይዘርዝሩ፤ ብዙ የቆዩበትን ወይም የለወጠዎትን ይምረጡ።
4. አንድ ክስተት፣ ሰፋ አድርገው።
5. ቤተሰብ፣ በስም።
6. የመጨረሻው አንቀጽ፦ ባዶ ቦታ።

ቁጥር 3 ላይ ያለው ልዩነት ምን እንደሚመስል እንይ። የተለመደው አጻጻፍ ይህ ነው፦

"ለ27 ዓመታት በመምህርነት ሙያ በቅንነትና በትጋት አገልግለዋል። ተማሪዎቻቸውን ይወዱ ነበር።"

እንዲህ ቢሆንስ?

"27 ዓመት ሒሳብ አስተማርኩ። የተማሪ ስም ተሳስቼ ከጠራሁ በማግስቱ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የምጠራው ያንኑ ልጅ ነበር።"

ሁለተኛው ስድስት ቃል ብቻ ይረዝማል፣ ግን ሰው ይታይበታል። "ይወዱ ነበር" የሚለው ቀርቶ መውደዱ ግን አለ። ረቂቁን ሲጨርሱ ከደረጃ 1 ያወጡትን የክብ ዝርዝር ከጎኑ ያድርጉ። የተገኘውን ሁሉ ይሰርዙ፣ ወይም በድርጊት ይተኩት።

ማስጠንቀቂያ፦ "ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው" ብለው አስቀድመው አይጻፉ። እንዴት እንደሚያልፉ አያውቁም። ይህን መስመር ይተዉላቸው፦ "በ_____ ቀን፣ በተወለዱ በ____ ዓመታቸው አረፉ።"

ደረጃ 6፦ ድምፅ አውጥተው ለአንድ ሰው ያንብቡ

ከመጀመሪያው የመረጡትን ሰው ይጥሩ። እሱ እርሳስ ይያዝ፣ እርስዎ ያንብቡ።

ትንፋሽ ያጠረዎትን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ይክፈሉት። ድምፅዎ የተሰበረበትን ቦታም ምልክት ያድርጉ። በቀብሩ ቀን የሚያነበው ሰው ድምፁ የሚሰበረው እዚያው ጋር ስለሆነ ዙሪያውን ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች አጫጭር ያድርጓቸው።

ሰሚው ካለቀሰ ያቁሙ፣ በሌላ ቀን ይቀጥሉ። "እባክዎ ይህን አይንገሩኝ" ካለዎት አያስገድዱት፤ ሌላ ሰው ይፈልጉ። "እንዲህ አልነበረም" ካለ ግን ጥሩ ነገር ገጥሞዎታል። አይከራከሩ። ሰነድ ይፈትሹ፣ ሦስተኛ ሰው ይጠይቁ። ካልታረቀ ያ ነገር ከጽሑፉ ይውጣ።

ደረጃ 7፦ ለኢንተርኔት የሚሆነውን ለብቻ ያዘጋጁ

ሌቦችም የሟቾችን ታሪክ ያነባሉ። ሙሉ የትውልድ ቀን፣ የእናት የቤተሰብ ስም፣ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ስም ብዙ ቦታ ለባንክና ለኢሜይል የደህንነት ጥያቄ መልስ ናቸው። የቀብሩ ሰዓትና የመኖሪያ አድራሻ አብረው ከወጡ ደግሞ ቤቱ መቼ ባዶ እንደሚሆን ማስታወቂያ ወጣ ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ቅጂ ይሥሩ። በቀብር ላይ የሚነበበው ሙሉው ነው። በሕዝብ ፊት የሚለጠፈው ላይ የትውልድ ዓመት ብቻ ይኑር፤ አድራሻ፣ የትናንሽ ልጆች ሙሉ ስምና የሰነድ ቁጥር ይውጡ። በላዩ ላይ በጉልህ "ለኢንተርኔት" ብለው ይጻፉበት፤ አለበለዚያ በዚያ ሁካታ መሃል መቀላቀላቸው አይቀርም።

ደረጃ 8፦ ማስቀመጥና ማደስ

1. ሁለት የወረቀት ቅጂ ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ይስጡ። በስልክ ወይም በኮምፒውተር ብቻ አይተዉት።
2. ከኑዛዜ ጋር ብቻ አያሽጉት። ኑዛዜ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ከቀብር በኋላ ነው፤ ያኔ አርፍዷል። በታሪኩ ውስጥም የንብረት ነገር አያንሱ።
3. በእያንዳንዱ ገጽ ራስ ላይ "ረቂቅ" የሚል ቃልና ቀን ይኑር። ብሉምበርግ የተባለው የዜና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ለስቲቭ ጆብስ አዘጋጅቶ ያስቀመጠውን የሞት ዜና በስህተት አውጥቶት ነበር፤ ሰውየው ያረፈው በ2011 ነው። የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በስህተት የተላከ የሕይወት ታሪክ ምን እንደሚያስከትል ይገምቱ።
4. ፎቶውን ራስዎ ይምረጡ። ከጀርባው መቼና የት እንደተነሣ ይጻፉ። ካልመረጡ የመታወቂያዎ ፎቶ ነው የሚወጣው።
5. በየዓመቱ በልደትዎ ቀን ያውጡና ያንብቡት። ልጅ ተወልዶ፣ ሰው አርፎ፣ ትዳር ተለውጦ ከሆነ ያርሙ። አምና የወደዱት ዓረፍተ ነገር ዘንድሮ ቢያስጠላዎት ይሰርዙት፤ ጽሑፉ የእርስዎ ነው።

አዲሱን ቅጂ ለሁለቱ ሰዎች ሲሰጡ አሮጌውን ተቀብለው እዚያው ይቅደዱት። ሁለት ዓይነት ታሪክ በሁለት እህትማማቾች እጅ ከተገኘ የቀብሩ ዋዜማ በክርክር ያልፋል።